ኢዮቤልዩ ያወጀ ምን ይመልሳል?

አንድ ድርጅት 25 ዓመት ሲሞላው የብር፣ 50 ሲሞላው የወርቅ ኢዮቤልዩውን ያከብራል። ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታተማል፣ ልዩ መጽሔት ይዘጋጃል፣ ለአንጋፋ ሠራተኞች የምስክር ወረቀት ይሰጣል፣ ኬክ ይቆረሳል። ዕድሜን ማክበር ነውር የለውም፤ ተቋም ማቆየት በሚያዳግትበት አገር ግማሽ ክፍለ ዘመን መዝለቅ ደስ ሊያሰኝ ይገባል። ነገር ግን ለዚህ ደስታ የምንሰጠው ስም ሕግ የተሸከመ የዕብራይስጥ ቃል ነው፤ ሕጉም ስለ ድግስ አንዳች አይናገርም። የሚናገረው መሬቱን ያጣ ሰው ወደ መሬቱ፣ በድህነት ራሱን የሸጠ ሰው ወደ ቤተሰቡ ስለ መመለሱ ነው። ስለዚህ በእኔ እምነት ኢዮቤልዩ አከብራለሁ የሚል ሁሉ የሚለቀውና የሚመልሰው ነገር ሊኖረው ይገባል። ከሌለው የምሥረታ በዓል የሚለው የራሳችን ስም ይበቃዋል።

ቃሉ በዕብራይስጥ «ዮቤል» ነው። ጥንተ ትርጕሙ አውራ በግ፣ ከዚያም የአውራ በግ ቀንድ ነው። በኢያሱ መጽሐፍ ካህናቱ የኢያሪኮን ቅጥር ሲዞሩ የነፉት ቀንደ መለከት በዚህ ስም ይጠራል፤ በዘፀአትም ሕዝቡ ወደ ሲና ተራራ እንዲወጣ የሚፈቀድለት ዮቤሉ ድምፁን ሲያስረዝም ነው። ዕብራይስጥ ቃሉን ለበግ መጠሪያነት መጠቀሙን ስለተወው የኋለኛው ዘመን ሊቃውንት ምን ማለት እንደሆነ መጠየቅ ነበረባቸው። ረቢ ዐቂባ ወደ ዐረብ አገር በሄደ ጊዜ ሰዎቹ አውራ በግን «ዮብላ» ሲሉት ሰምቶ ነገሩ እንደተገለጠለት ታልሙድ መዝግቦታል። ለዕብራይስጥ የቅርብ ዘመድ በሆነው በፊንቄ ቋንቋ ተቀርጾ ማርሴይ ከተማ ውስጥ በተገኘ የመሥዋዕት ዋጋ ዝርዝር ላይም ይኸው ቃል ከፍየል ጎን ይነበባል። ቃሉን ከዚህ ለይተው «መውሰድ፣ ማምጣት» ከሚል ግስ የሚያወጡትም አሉ፤ ሰውን ወደ ርስቱ የሚያመጣ ዓመት ለማለት። የ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስ ደግሞ ለግሪክ አንባቢዎቹ ነጻነት ማለት ነው ብሎ አስረድቷል። ብሉይ ኪዳንን ወደ ግሪክ የመለሱት ሰባ ሊቃናትም ድምፁን ሳይከተሉ የመተውና የመልቀቅ ዓመት አሉት። «አቡነ ዘበሰማያት» በግእዝ ሲደገም የምንሰማው «ኅድግ» በግሪኩ የቆመው በዚያው የመተው ግስ ነው። እኔ ማስረጃው የሚበረታለትን የበጉን ቀንድ አስቀድማለሁ። ይሁን እንጂ የግሪክ ተርጓሚዎቹም አልተሳሳቱም፤ ቀንዱ ለዓመቱ ስም ሰጠው፣ ዓመቱ የሚሠራው ሥራ ደግሞ ለስሙ ትርጕም ሰጠው።

እዚህ ላይ አንድ ዝርዝር ሊያመልጠን አይገባም። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 መሠረት ቀንደ መለከቱ የሚነፋው በ50ኛው ዓመት፣ በሰባተኛው ወር በአሥረኛው ቀን ነው። ይህ ቀን የማስተስረያ ቀን ነው፤ እስራኤላውያን የሚጾሙበትና በደላቸውን የሚናዘዙበት ቀን ነው። ከዓመቱ ቀናት ሁሉ ተመርጦ ዮቤል የታወጀው ሰው ሆዱን ባዶ አድርጎ «ማንን በደልሁ?» በሚልበት ዕለት ነው። የደስታ በዓላት ሞልተው ሳለ የጾም ቀን መመረጡ ድንገተኛ አይመስለኝም። ይቅርታን ለራሱ የሚለምን ሰው በእጁ ያለውን የሰው ርስት ሳይለቅ ልመናው ሙሉ አይሆንለትም።

ታዲያ ድግሱ ከየት መጣ? ሄሮኒሙስ በ400 ዓመተ ምሕረት ገደማ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን ሲመልስ ቃሉን «ዩቢሌውስ» አድርጎ ጻፈው። ላቲን ደግሞ ከዕብራይስጡ ጋር ዝምድና የሌለው፣ በደስታ መጮኽ የሚል ትርጕም ያለው «ዩቢላሬ» የተባለ የራሱ ግስ ነበረው። የድምፃቸው መቀራረብ ትርጕማቸውን አቀላቀለው፤ የመልቀቅ ዓመት እልልታ የሚሰማበት ዓመት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1300 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቦኒፋስ 8ኛ ወደ ሮም ለሚሳለሙ ምእመናን ስርየት የሚያስገኝ ኢዮቤልዩ አወጁ፤ በየ100 ዓመቱ እንዲከበርም አዘዙ። ቀሌምንጦስ 6ኛ ወደ 50፣ በ1470 ደግሞ ጳውሎስ 2ኛ ወደ 25 ዓመት አወረዱት። በዮቤል ሕግ ውስጥ 25 የሚባል ቁጥር የለም፤ የብር ኢዮቤልዩአችን ከዚህ የሮም ውሳኔ ወዲህ የመጣ ልማድ ነው። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1887 የነገሡበትን 50ኛ፣ በ1897 ደግሞ 60ኛ ዓመት ሲያከብሩ ቃሉ ጨርሶ የዙፋን ጌጥ ሆነ።

ወደ እኛም ቤተ መንግሥት የገባው በዚህ መልኩ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበት 25ኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም. የብር ኢዮቤልዩ ተብሎ ተከበረ፤ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለዚሁ በዓል ታወጀ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት የምንለውም ሕንፃ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተብሎ ተሠራ። ከ10 ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1957 ዓ.ም.፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ አደባባይ ወጡ። መሬትን ወደ ባለርስቱ በሚመልስ ሕግ የተሰየመ ቤተ መንግሥት በቆመበት ከተማ የመሬት ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ከረመ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን መውረዳቸው የተነበበላቸው በዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው። ይህን የማነሣው የሞተን ለመውቀስ አይደለም። ቃሉን ለጌጥ የመዋስ ልማድ ሥር እንዳለው፣ ዋጋውም ቀላል እንዳልነበረ ለማሳየት ነው።

የሕጉን አሠራር ቀረብ ብሎ ያየ ሰው የቸሮች ሕልም ብቻ እንዳልነበረ ይገባዋል። አንድ ገበሬ ቸግሮት እርሻውን ለቀቀ እንበል። ሕጉ የሚጠይቀው እስከሚቀጥለው ዮቤል ስንት መኸር እንደቀረ ነው። ብዙ ከቀረ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ጥቂት ከቀረ ዝቅ ይላል። ገዢው የሚገዛው የመሬቱን ፍሬ እንጂ መሬቱን አይደለም፤ ምክንያቱም ምድሪቱ የእግዚአብሔር እንጂ የማንም አይደለችምና ለዘለዓለም አትሸጥም ይላል። እያንዳንዱ መኸር ሲሰበሰብ ገዢው ከከፈለው ላይ ያን ያህሉን አገኘ ማለት ነው። በ50ኛው ዓመት ሁሉንም ጨርሶ ስለሚያገኝ መሬቱ ሲመለስ የተዘረፈው ነገር የለም። ይህን ከእኛው ወለድ አገድ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በወለድ አገድ ገበሬው ገንዘብ ይበደርና መሬቱን ለአበዳሪው ያስይዛል፤ አበዳሪው ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ምርቱን በወለድ ፈንታ ይወስዳል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በስሙ ጠርቶ ደንግጎበታል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ በወለድ አገድ አሥር መኸር ቢሰበሰብም ዋናው ዕዳ ከነበረበት ፈቀቅ አይልም። ተበዳሪው ዋናውን እስካላመጣ ድረስ የገዛ መሬቱን ከዳር ቆሞ ያያል። በዮቤል ስሌት ግን መኸሩ ራሱ ዕዳውን ይበላል። ሁለቱም ቸግሮት መሬቱን ስለለቀቀ ገበሬ ናቸው፤ አንደኛው ማብቂያ ቀን አለው፣ ሌላኛው የለውም።

ሐሳቡ ከእስራኤል ውጭ የማይታወቅ አልነበረም። ዘሌዋውያን ነጻነትን የሚጠራበት «ደሮር» የተባለው የዕብራይስጥ ቃል በባቢሎን ነገሥታት ቋንቋ «አንዱራሩ» ከሚባለው ጋር ይዛመዳል፤ እርሱም ዕዳን መሰረዝና በዕዳ የተያዘን ሰው ነጻ መልቀቅ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠው አሚጻዱቃ ያወጣው ዐዋጅ በሸክላ ጽላት ላይ ተገኝቷል። የግብር ውዝፍንና ቸግሮት የተበደረን ሰው የገብስና የብር ዕዳ ይሰርዛል። ነገር ግን በባቢሎን የሚያውጀው ንጉሡ ነው፤ ሲነግሥ ወይም ሲመቸው ያውጃል፣ ካልፈለገ አያውጅም። የዘሌዋውያን ሕግ ሥልጣኑን ከንጉሥ እጅ አውጥቶ ለቀን መቁጠሪያ ሰጠው። ማንም ደግ ሆነ ክፉ፣ 50ኛው ዓመት ሲደርስ ቀንዱ ይነፋል። ምሕረት የሰጪው ልግስና መሆኑ ቀርቶ የተቀባዩ መብት ሆነ። የቃሉ ታላቅነት ለእኔ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ኢትዮጵያውያን ይህን ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባ ነበር፤ ምክንያቱም ዓለም በኢዮቤልዩ የሚጠራውን መጽሐፍ ሙሉውን ያገኘው ከእኛ ነው። መጽሐፈ ኩፋሌ በዕብራይስጥ ተጽፎ ጠፋ፤ ቁርጥራጩ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ተገኘ፤ ሙሉ ሆኖ የተረፈው ግን በግእዝ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት ትቆጥረዋለች፤ ቤተ እስራኤልም ጠብቀው አቆይተውታል። በሌላው ዓለም የሚጠራውም የኢዮቤልዩ መጽሐፍ ተብሎ ነው። ኩፋሌ የዓለምን ታሪክ ከአዳም ጀምሮ በኢዮቤልዩ ይቆጥራል፤ አንዱ ኢዮቤልዩ 49 ዓመት ነው፣ ሰባት ጊዜ ሰባት። ሒሳቡ ሲደመር እስራኤል ከግብፅ ባርነት ወጥተው ወደ አባቶቻቸው ምድር የሚገቡት 50ኛው ኢዮቤልዩ ሲፈጸም ነው። ሙሴ ለአንድ ድኻ ገበሬ የደነገገውን ጸሐፊው ለሕዝብ ሁሉ አደረገው፦ በ50ኛው ባሪያው ነጻ ይወጣል፣ ርስቱም ይመለስለታል። ይህን መጽሐፍ በብራና እየገለበጠ ለዘመናት ያቆየ ሕዝብ የቃሉን ትርጕም ከላቲን ስሕተት ባይማር ይሻለው ነበር።

«ሕጉ ተፈጽሞ አያውቅም፤ የሕልም ሕግ ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ቀላል ተቃውሞም አይደለም። በመጽሐፍ ቅዱስ የታሪክ ክፍሎች ውስጥ ይህ ዓመት ኢዮቤልዩ ሆኖ ተከበረ የሚል አንድም ትረካ የለም። ኤርምያስ ምዕራፍ 34 ላይ ንጉሥ ሴዴቅያስ ባሪያዎችን ነጻ ለቅቆ፣ ሹማምንቱ ወዲያው መልሰው እንደገዟቸው ይተርካል። ታልሙድ ደግሞ የሮቤል፣ የጋድና የምናሴ እኩሌታ ነገዶች ከተማረኩ ወዲህ ዮቤል ቀረ ይላል፤ ሕጉ ነጻነቱ ለምድሪቱ ነዋሪዎች ሁሉ ይታወጅ ስለሚል፣ ሁሉም በሌሉበት ሊታወጅ አይችልም። እኔ ከዚህ የምረዳው ሕጉ ከንቱ መሆኑን ሳይሆን መስፈርቱ ምን ያህል ጥብቅ እንደነበረ ነው። ደግሞም ያልተፈጸመ ሕግ ሥራ አይሠራም ማለት አይቻልም። ነህምያ ምዕራፍ 5 ላይ መኳንንቱ የወሰዱትን እርሻና ወይን እንዲመልሱ ሲያስምላቸው የሚሞግተው በዚሁ መንፈስ ነው። በአሜሪካ ባርነት ውስጥ የነበሩ ጥቁሮች ቃሉን ከጌቶቻቸው መጽሐፍ ሰምተው በቀጥታ ተረዱት፤ የነጻነት ዐዋጅ የጸናበትን እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1863ን የኢዮቤልዩ ቀን አሉት፤ በ1871 ከናሽቪል ፊስክ ዩኒቨርሲቲ የወጣው የነጻ ወጣቶች የመዘምራን ቡድንም በዚሁ ስም ተጠራ።

በዚህ ላይ የሚጨመር ከባድ ነገር አለ። ያው ምዕራፍ 25 ለዕብራዊው ነጻነትን ሲሰጥ ከባዕዳን የተገዙ ባሪያዎች ግን ለልጅ ይወረሱ ይላል፤ የአሜሪካ ባሪያ አሳዳሪዎች እነዚያን ቁጥሮች ጠቅሰው ተከራክረዋል። ይህን መሸፋፈን አይገባም። ከአንድ ምዕራፍ ጌታው አንዱን ቁጥር፣ ባሪያው ሌላውን ይዘው ተፋጠጡ፤ ታሪክ ግን «ኢዮቤልዩ» የሚለውን ስም ለባሪያው አተረፈለት። እኛ ይዘን ልንቀጥል የሚገባው ይህን ነው።

የገንዘብ ሰዎች የሚያነሡት ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ዕዳ የሚሰረዝ ከሆነ ማን ያበድራል? ችግሩ ጥንትም ታይቷል። በየሰባት ዓመቱ ዕዳ ይሰረዝ የሚለው የዘዳግም ሕግ የሚፈጸምበት ዓመት ሲቃረብ ሀብታሞች ማበደር ስላቆሙ ሊቁ ሂሌል «ፕሮዝቡል» የሚባል ሰነድ አወጣ፤ አበዳሪው ዕዳውን ለፍርድ ቤት አስተላልፎ ከስረዛው ያድነዋል። ድኻው ብድር እንዳያጣ ታስቦ ነው። ቁም ነገሩን አልክድም፤ ሆኖም መልሱ በጥንቶቹ ሕጎች ውስጥ አለ። አሚጻዱቃ ለመኖር የተበደረውን ዕዳ ሲሰርዝ ለንግድ የተወሰደውን አልነካም። ዘሌዋውያንም እርሻ ይመለስ ሲል በቅጥር በታጠረ ከተማ ያለ ቤት ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተዋጀ ለገዢው ይጽና ይላል። ሕጉ ንግድን አልጠላም፤ ሰው የሚኖርበትን መሠረት ለዘለዓለም እንዳያጣ ነው የከለከለው። ደግሞም ቀኑ ከ50 ዓመት በፊት ታውቆ ዋጋ የሚተመንበት በመሆኑ አበዳሪውን በድንገት የሚያከስረው ነገር የለም።

በእኛ ዘመን ይህ ቃል ለኢትዮጵያ የሠራውን ማስታወስ ይበቃል። «ኢዮቤልዩ 2000» የተባለው ዘመቻ የድኻ አገሮች ዕዳ እንዲሰረዝ ሲጠይቅ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1998 ወደ 70,000 የሚጠጋ ሕዝብ የቡድን 8 መሪዎች በተሰበሰቡባት በርሚንግሃም እጅ ለእጅ ተያይዞ ቆመ። ከዚያ ግፊት በኋላ በሰፋው የዕዳ ቅነሳ መርሐ ግብር ኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. መስፈርቱን አሟልታ ተጠቃሚ ሆነች። ታሪኩ ግን ተደገመ፦ በ2013 ዓ.ም. በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ ዕዳዋ እንዲሸጋሸግ ጠየቀች፤ በታኅሣሥ 2016 የአንድ ቢሊዮን ዶላር የዩሮ ቦንዷን የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች፤ በመጋቢት 2017 ቻይናና ፈረንሳይ በሚመሩት የአበዳሪ መንግሥታት ኮሚቴ በኩል በ8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ላይ የመርህ ስምምነት ላይ ደረሰች። ከውጭ አበዳሪ «ጫናውን አቅልልልን» የሚል አገር፣ በአገር ውስጥ ለደከሙት ተመሳሳይ ነገር ማድረግ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። ለዘመን መለወጫ እስረኞችን በይቅርታ መልቀቅን ለምደነዋል፤ ቀን ጠብቆ መልቀቅ ከባህላችን ውጭ አይደለም።

«ቃል ትርጕሙን ይለውጣል፤ ዛሬ ኢዮቤልዩ ማለት ክብረ በዓል ነው፣ አበቃ» የሚሉም አሉ። ቃል መለወጡ እውነት ነው። ነገር ግን ክብረ በዓል የሚል ስም እያለን ለምን ኢዮቤልዩን እንመርጣለን? ግርማው ስለሚያስፈልገን ነው፤ የመጽሐፍ ሽታ ስላለው ነው። ግርማው የመጣው ደግሞ ቃሉ ከሚሸከመው ሕግ ነው። ከሕጉ ክብሩን ወስዶ ግዴታውን መተው ተገቢ አይመስለኝም።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። 50 ዓመት የሞላው እድር መዋጮ አቋርጠው ከመዝገብ የተሰረዙትን፣ ዛሬ ቀባሪ ያጡ አቅመ ደካሞችን ውዝፋቸውን ትቶ መልሶ ቢያስገባ፣ ሰው ወደ ወገኑ ይመለስ የሚለውን ቃል በቃል ፈጸመ ማለት ነው። ትምህርት ቤት ክፍያ ባለመጨረሳቸው ማስረጃቸው ለተያዘባቸው የድሮ ተማሪዎች ማስረጃቸውን መልቀቅ ይችላል። ፋብሪካ ለዓመታት በጊዜያዊነት ያሠራቸውን ቋሚ ማድረግ፣ አበዳሪ ተቋም ዋናውን እጥፍ አድርገው ከፍለው አሁንም ያልተላቀቁ ትናንሽ ተበዳሪዎችን ማሰናበት ይችላል። ይህን በበዓሉ ዋዜማ በችኮላ ማድረግ ልግስና ያስመስለዋል፤ መብት የሚያደርገው አስቀድሞ መታወቁ ነው። በ1970ዎቹ የተቋቋሙ ብዙ ማኅበራትና ድርጅቶች ወደ 50ኛ ዓመታቸው እየተጠጉ ነው። የበዓል ኮሚቴ ሲቋቋም ከባነሩና ከመጽሔቱ በጀት በፊት የሚለቀቀው ነገር ዝርዝር ይውጣ፤ የሚመለከታቸውም ሰዎች ቀኑን ከዓመታት አስቀድመው ይወቁት።